በቤት የቀረ ሰነድ
ንፋስ ስልክ ሆኖ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚፈለግ ፕላን



የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔው ትቶልኝ ነበር። ስለ ድልድይ ወይም ስለ አፈር ጠባይ ብናገር በዚህ አዳራሽ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ብዙ ስላሉ፣ አንድ ቀን አስደንግጦኝና አሳፍሮኝ ስላለፈ ነገር መናገርን መረጥሁ። ጉዳዩም ሰው በመንገድ ወይም በሥራ ቦታ ሳለ በቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስቀመጠውን ሰነድ በእጅ ስልኩ አማካይነት እንዴት ሊያገኘው ይችላል የሚለው ነው። በላዩ ሲያዩት የወጣቶች መጫወቻ ይመስላል። የእኔ ጉዳይ ግን ከአንድ በረንዳ መቆምና መውደቅ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፣ ከዚያው እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በደብረ ብርሃን ከተማ ለአንድ የግል ሕንፃ ሥራ በተቆጣጣሪነት ተመድቤ ነበር። መኖሪያዬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሃይሌ ጋርመንት ብዙም ሳይርቅ፣ ከወላጅ እናቴ ጋር ነው። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ አርማታ ቅዳሜ ጠዋት ሊሞላ ዝግጅቱ ተጠናቆ፣ ዐርብ ወደ ማታ ከፌራዮዎቹ አለቃ ጋር ካሳፎርማው ላይ ወጥተን ብረቱን ስንቆጥር፣ ወደ ውጭ በተንጠለጠለው በረንዳ ላይ የላይኛው ፌሮ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ በየ200 ሚሊ ሜትር ታስሮ አገኘሁት። በእጃቸው ያለው ፕላን የሚያዘውም ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ባለቤቱ በረንዳው እንዲረዝም ሲጠይቅ ሒሳቡን እንደገና ሠርቼ ብረቱን ማጠንከሬ ትዝ አለኝ። ባለ 14 ነው ያደረግሁት ወይስ ባለ 16? ርቀቱስ? በትዝታ ብረት አይታሰርም።

በረንዳ ከሚሸከመው ግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ የሚቆመው በላይኛው ብረት መሆኑን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይገባኝም። ቁጥሩን ብቻ ልጥቀስ። ባለ 12 ፌሮ በየ200 ሚሊ ሜትር ሲታሰር በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ 565 ካሬ ሚሊ ሜትር ብረት ይሰጣል። ባለ 14ቱ በየ150 ሲሆን ደግሞ 1,026 ይደርሳል። እንግዲህ ያ በረንዳ በአሮጌው ፕላን ቢሞላ ኖሮ፣ ከሚያስፈልገው ብረት ግማሹን ትንሽ አልፎ ብቻ ይዞ ይቀር ነበር። ሲሞላም ማንም አያውቅበትም። የሚታወቀው በሠርግ ወይም በልቅሶ ቀን ሰው ሲበዛበት ነው።

የተሻሻለው ንድፍ በቤቴ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነበር። ለቢሮው ሰኞ አስረክባለሁ ብዬ ያሳደርሁት እኔው ነኝና ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም። ወደ እናቴ ደወልሁ።

«እማዬ፣ እባክሽ ኮምፒዩተሩን አብሪልኝ።»

«በየት በኩል ነው ልጄ? እንዳላበላሽብህ እፈራለሁ።»

እናቴ አማርኛ አቀላጥፋ ታነባለች፤ የላቲን ፊደል ግን አልተማረችም። የይለፍ ቃሉን በስልክ ለማስጻፍ የተቀመጥሁበት ሰዓት በሕይወቴ ከማልረሳቸው አንዱ ነው። በመጨረሻ ያገኘነው መፍትሔ የላቲኑን ፊደል በእኛው ፊደል መልክ መጥራት ሆነ፤ «ሀሌታው ሀን የሚመስለውን ተጫኚ፤ ቀጥሎ ዐይኑ ዐን የሚመስለውን ክብ፤ አሁን ደግሞ ንጉሡ ሠን የመሰለውን፤ ከዚያ አናቱ የተቆረጠውን ተ።» ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ግን በመስኮቱ ላይ ከተደረደሩት ቢጫ ከረጢት መሰል ሥዕሎች መካከል የእኔን ለይቶ መክፈት አልተቻለም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የጎረቤት ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ተጠርቶ መጣና ገጹን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ባለ 14 በየ150 ነበር። በማግስቱ ሙሌቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆመ፤ ፌራዮዎቹ ያሰሩትን ፈትተው እንደገና አሰሩ፤ የቀን ሠራተኞች ያለ ሥራ ለዋሉበት ሰዓት ተከፈለ፤ የሕንፃው ባለቤትም የሚገባኝን ያህል ተቆጡኝ። (የይለፍ ቃሉን በዚያው ሳምንት መለወጤን እንድታውቁልኝ እወዳለሁ።)

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንገባ፣ የሰፈሬን ስም ለአንድ አፍታ ተመልከቱት። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ ሽቦ ወይም ክር ነው። የቴሌፎን ሽቦ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ መሣሪያው በሽቦው ስም ተጠራ። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ደቡብ የራዲዮ ጣቢያ ሲተከል ደግሞ፣ ሽቦ የሌለውንና መልእክቱ በአየር ላይ የሚሄደውን ነገር ሰው «ንፋስ ስልክ» አለው። ቃሉን ቆርሰን ብናየው «በነፋስ የሚሄድ ሽቦ» ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሽቦ አልባ ግንኙነት ፍቺ በየትኛውም የምሕንድስና መጽሐፍ አላገኘሁም። ታዲያ በዚህ ስም በሚጠራ ሰፈር የሚኖር መሐንዲስ ሰነዱን በነፋስ ለማግኘት አቅቶት ሲቸገር፣ ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል።

ለመሆኑ ለምን ያቅታል? በይነ መረብ በአገራችን ከገባ፣ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ ቢቆጠር፣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም ተጀመረ፤ የአራተኛው ትውልድ መስመር በ2007 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ፤ ሁለተኛው አገልግሎት ሰጪ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም መግቢያ ላይ ሥራ ጀመረ። ስልኬ ከደብረ ብርሃን ሆኖ የዓለምን ጋዜጣ ሁሉ ይከፍታል። የራሴን ጠረጴዛ መሳቢያ ግን አይከፍትልኝም። ችግሩ ያለው በአድራሻው ላይ ነው።

እያንዳንዱ በመረቡ ላይ ያለ መሣሪያ ቁጥር ያስፈልገዋል። በስፋት የሚሠራበት የቁጥር አሰጣጥ ባለ 32 ቢት ስለሆነ በጠቅላላው ከ4.29 ቢሊዮን አድራሻ የሚበልጥ አይወጣውም። ይህም ቁጥር ከዓለም ሕዝብ ያነሰ ነው። የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ክፍሎች ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢዎች የተከፋፈሉት በጥር ወር 2003 ዓ.ም ነበር። ዘግይቶ የመጣ አገር የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ አገልግሎት ሰጪዎች አንዱን የአደባባይ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ፤ ለደንበኛው የሚሰጡትም ከውስጥ ብቻ የሚታወቅ ቁጥር ይሆናል። ለዚህ ሥራ ተብሎ በ2004 ዓ.ም የተለየው ክፍል ከ100.64 ጀምሮ እስከ 100.127 ይደርሳል። ቤታችሁ ስትገቡ በራውተራችሁ ገጽ ላይ ከውጭ በኩል የተሰጠውን ቁጥር ብታዩና በዚህ መካከል ቢሆን፣ ቤታችሁ በመረቡ አደባባይ ላይ ቁጥር የለውም ማለት ነው። የእኔም እንደዚሁ ሆኖ አገኘሁት።

ይህን የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪ በቀላሉ ይረዳዋል። በጀሞ አንድ ግቢ አለ እንበል። የግቢው በር አንድ ነው፤ በበሩም ዘበኛ ቆሟል። ከውስጥ የወጣ ሰው ወደ ሱቅ ልኮ ዕቃ ቢያስመጣ፣ ዘበኛው «የ3ኛ ብሎክ ሰው ያዘዘው ነው» ብሎ ዕቃ ያመጣውን ያስገባል። ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን «የእገሌን ቤት እፈልጋለሁ» ቢል፣ ማንም አልነገረኝምና አላስገባህም ይለዋል። በቤታችን ያለው ራውተር እንዲህ ያለ ዘበኛ ነው። አገልግሎት ሰጪው ደግሞ በሰፈሩ መግቢያ ላይ ሁለተኛ ዘበኛ አቁሟል። የመጀመሪያውን ዘበኛ እኔ አዝዘዋለሁ፤ ሁለተኛው አያውቀኝም። በየመጽሐፉ የሚገኘው «በራውተርህ ላይ በር ክፈት» የሚለው ምክር ለብዙዎቻችን የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

የማይሠራ መሆኑም አንዳንድ ጊዜ በረከት ነው። አንድ ወዳጄ የሚሠራበት ቢሮ ቋሚ የአደባባይ አድራሻ ተከራይቶ ነበርና፣ የኮምፒዩተሩን ገጽ ከሩቅ የሚያሳየውን አገልግሎት በተለመደው በቁጥር 3389 በኩል ከፍተን ሞከርነው። በዚያው ሌሊት የኮምፒዩተሩ መዝገብ ከማናውቃቸው አገሮች በመጡ የይለፍ ቃል ሙከራዎች ተሞላ። ማንም እኛን ፈልጎ አልመጣም፤ በዓለም ላይ ያሉትን በሮች ሁሉ በተራ የሚገፉ መሣሪያዎች ናቸው። ሌላውን ምሳሌ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በግንቦት 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የተዛመተው ሰነድ ለመጋራት በሚያገለግለው በቁጥር 445 በር በኩል ሲሆን፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሥራ አስፈትቷል። ለዚያ ቀዳዳ መድፊያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ያልደፈኑት ናቸው የተጎዱት። ስለዚህ የሰነድ መጋሪያን በር በቀጥታ ለዓለም የሚከፍት መሐንዲስ ባገኝ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሥራው በር የሌለው ቤት ሠርቶ እንደ ማስረከብ ነው እለዋለሁ።

ታዲያ በሩ ተዘግቶ እንግዳው እንዴት ይገባል? ይህን ለማስረዳት ወደ ውጭ አገር ምሳሌ መሄድ አያሻም። በአዲስ አበባ ውስጥ ማንም ሰው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ጠቅሶ እንግዳ አይጠራም። «ሃይሌ ጋርመንት አደባባይ ድረስና ደውል፤ ልጅ እልካለሁ» ይላል። እንግዳው ቤቱን ሳያውቅ፣ ባለ ቤቱም እንግዳው በየት እንደ መጣ ሳያውቅ፣ ሁለቱም በሚያውቁት ስፍራ ይገናኛሉ። አዲሱ ዘዴም ይኸው ነው። የቤቱ ኮምፒዩተርና የእጅ ስልኩ ሁለቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥተው በመካከል ወዳለ አንድ መገናኛ ሰርቨር ይሄዳሉ። ወደ ውጭ የሚወጣን ደግሞ ዘበኛ አይከለክልም። በመገናኛው አድራሻቸውን ይለዋወጡና፣ ዘበኞቹ «ይህንስ ቅድም የእኛ ሰው ጠርቶታል» ብለው የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ዘበኞቹ እጅግ ጥብቆች ከሆኑም መልእክቱ በመገናኛው በኩል ይተላለፋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ አይቋረጥም። ዘበኛ ቶሎ ይረሳልና፣ ግንኙነቱ እንዳይዘጋ መሣሪያው በየ25 ሴኮንዱ አንዳች ትንሽ ሰላምታ ይልካል።

የተላለፈው ነገር በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚመሰጥርበት ፕሮግራም ዋየርጋርድ ይባላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በሊኑክስ ልብ ውስጥ ገብቷል። እኔ የምወደው በአጭርነቱ ነው፤ የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አያውቅም። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የምስጢር ቁልፍ አለው፤ ለሌላው የሚያስታውቀው የዚያን ጥንድ የሆነውን የአደባባይ ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉን ለማያውቀው አንኳኪ ደግሞ መልስ እንኳ አይሰጥም፤ ዝም ይላል። ከውጭ ለሚመረምር ሰው ቤቱ ባዶ ይመስለዋል። በዚህ ላይ የመገናኛውን ሥራ ጨምረው የሚያቀርቡ እንደ ቴይልስኬል ያሉ አገልግሎቶች አሉ፤ ስልክ ላይ መጫናቸውም የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሰነዱን በውጭ ኩባንያዎች ማከማቻ ውስጥ ብታስቀምጠው ከየትም ታገኘው የለም ወይ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አገኘዋለሁ። ለጥቂት ሰነድ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ነገር ግን የአንድ ሕንፃ ሙሉ ንድፍ፣ ፎቶግራፉና ሒሳቡ ሲደመር በነጻ ከሚሰጠው ቦታ ያልፋል። ክፍያው በዶላር ሲሆን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በብር የሚወጣው ዋጋ ከፍ ብሏል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለውም ጥቂት ሰው ነው። ሌላም አለ። ንድፉ የእኔ ሀብት አይደለም፤ የአሠሪዬና የባለቤቱ ነው። የሰውን ቤት ፕላን፣ የመግቢያውን በርና የገንዘብ ማስቀመጫ ክፍሉን ጭምር፣ ሳላስፈቅድ ወደ ሌላ አገር የማስቀመጥ መብት እንዳለኝ እርግጠኛ አይደለሁም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በዚህ ረገድ እያንዳንዳችንን ሊያሳስበን ይገባል። በእርግጥ ይኸው ጥያቄ ወደ እኔም ይዞራል፤ የቢሮ ንድፍ በእናቴ ቤት ምን ይሠራል? ይህን ራሴን ጠይቄ ነበርና፣ አሁን በአሠሪዬ በጽሑፍ ተፈቅዶልኛል። ያለ ፈቃድ የምታደርጉ ካላችሁ አስፈቅዱ።

አሁን ስለ ፍጥነቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቤት ሰነድ ስንስብ የምንጠቀመው የቤቱን መስመር የመቀበያ ፍጥነት ሳይሆን የመላኪያ ፍጥነቱን ነው፤ ይህም በአሮጌው የመዳብ መስመር ላይ እጅግ ያነሰ ነው። በሴኮንድ አንድ ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር 40 ሜጋ ባይት የሆነ የንድፍ ጥራዝ ለመላክ፣ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ 320 ሴኮንድ፣ ማለት ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በካሳፎርማ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው አምስት ደቂቃ ረጅም ነው። እኔ ስለዚህ ጥራዙን በገጽ በገጹ ለያይቼ፣ እያንዳንዱን በወለሉና በክፍሉ ስም ሰይሜ አስቀምጫለሁ። አንድ ሜጋ ባይት የሆነ ገጽ በስምንት ሴኮንድ ይደርሳል። ያረጀው ንድፍ ደግሞ ከአዲሱ ጋር በአንድ መዝገብ ውስጥ አይቀመጥም፤ ከሩቅ ሆኖ በትንሽ መስኮት የሚያይ ሰው ሁለቱን ማደናገሩ አይቀርም። በሩቅ መክፈት መቻሌ የተሳሳተውን ገጽ በፍጥነት እንድከፍት ብቻ ከሆነ፣ በረንዳው ያው ወዳቂ ነው።

መብራቱን በተመለከተ ብዙ አላወራም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮምፒዩተሩ ካልበራ የሚያወራ የለም። ትልቁን ኮምፒዩተር ቀንና ሌሊት ማብራትም ሀብት ማባከን ነው። አንድ መቶ ዋት የሚበላ መሣሪያ በወር ውስጥ 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ የመዳፍ ያህል ኮምፒዩተር ግን በአምስት ዋት ቢሠራ 3.6 ብቻ ይበቃዋል፤ ሰነድ ለማቀበል ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጉልበት አያሻም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሣል። ትልቁን ኮምፒዩተር ለሚጠቀም ግን፣ መብራት ሲመለስ ራሱን እንዲያበራ የሚያዝዘው ምርጫ በመነሻ ገጹ ውስጥ ስላለ ፈልጎ ያስተካክለው። ራውተሩንና ትንሹን ኮምፒዩተር በአንድ ባትሪ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ አጭሩን መቋረጥ አያውቁትም።

ባትሪ የማያድነው ሌላ መቋረጥም አለ። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም በይነ መረብ በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ በውጭ ያከማቸውም በቤት ያከማቸውም እኩል ባዶ እጁን ቀርቷል። በእነዚያ ሳምንታት ሥራው ያልተስተጓጎለበት መሐንዲስ ንድፉን አትሞ በክንዱ ሥር የያዘው ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ወደ ሥራ ቦታ ስሄድ የታተመውን ቅጂ አልተውም፤ መስመሩ የሚያገለግለኝ በእጄ ያለው ወረቀት የመጨረሻው መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁን የሚከፍተው ቁልፍ በስልኩ ውስጥ ካለ፣ ስልኩን በሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ የመነተፋችሁ ሌባ የቤታችሁን ቁልፍ ይዟል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ይቀጣል፤ ሌባው ግን አዋጅ አያነብም። ስለዚህ ስልኩ መቆለፊያ ይኑረው፤ ስልኩ በጠፋ ሰዓትም የእርሱን ቁልፍ ብቻ ከቤቱ መዝገብ መፋቅ እንዲቻል አስቀድሞ ይሞከር። ደግሞም ለስልኩ የማንበብ እንጂ የመሰረዝ ሥልጣን አልሰጠሁትም። ከሥራ ቦታ ሆኜ ንድፍ የምለውጥበት ምክንያት የለም፤ መለወጥ ካለበት ተቀምጬ፣ ሒሳቡን ሠርቼ፣ ፈርሜ ነው።

ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃኑ ሕንፃ በኋላ በያዝሁት ሌላ ሥራ ላይ ይህ መስመር ሁለት ጊዜ አገልግሎኛል፤ አንድ ጊዜም ከድቶኛል። የከዳኝ ዕለት ከሥራ ቦታው ሆኜ ደጋግሜ ብሞክር ቤቱ አልመለሰልኝም። መስመሩን ጠረጠርሁ፤ ዘበኛውን ጠረጠርሁ፤ ቁልፉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ግማሽ ቀን ያህል ተጨነቅሁ። በመጨረሻ ወደ እናቴ ደወልሁ።

«እማዬ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለችው ትንሽ ሣጥን መብራቷ ይታያል?»

«እሷማ ካውያውን ልሰካ ብዬ ትናንት ነቀልኋት፤ ደግሞ ምን ትሠራለች? ቀን ከሌት እያበራች መብራት ትበላለች።»

አሁን ሶኬቱ ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «እማዬ፣ ይህን አትንቀዪው» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ለካውያውም ሌላ ማከፋፈያ ገዝቼላታለሁ።